ስሜ ታገሠ ነው

አከርካሪዬን ከፍተው በስድስት ብሎን ካሰሩት
ሁለተኛ ሌሊቴ፤
ከወገብ በታች የተኛው ሰውዬ እኔ ስለመሆኔ
ገና አላመነም አንጀቴ።
ከመስኮቱ ሥር የላይፕሲግ ትራም ኩርባው ላይ ሲጢጥ ይላል፤
ጥርሴ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፣
ከነርቬ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ይመስላል።

ነርሷ ቱየት ትባላለች። እናቷ ከሃኖይ ለስፌት የመጣች፣
እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ በዚሁ ትራም ተማሪ ቤት የሄደች።
ጫማዋ ድምፅ የለውም፤ ጥያቄዋ ግን ይቀድማታል፦
«ከዜሮ እስከ አሥር ቢቆጠር፣ ህመምዎ ስንት ይሆናል?»

«ሁለት» እላታለሁ።
ቆጥሬ አይደለም።
ሁለት ማለት እኛ ቤት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ማለት ነው፤
ከዚያ በላይ ለባዕድ አይነገርም።

ደግሞ ቁጥር ምን ያውቃል?
«አመመኝ» ስል አድራጊው እሱ፣ የሚደረግብኝ እኔ ነኝ፤
የሚወጋኝ፣ የሚጠዘጥዘኝ፣ የሚቆረጥመኝ፣
እንደ ነቀዝ ሰርስሮ እንደ ሳማ የሚለበልበኝ፣
ከዳሌ ተነሥቶ ተረከዜ ድረስ ሲወርድ
በብረት ደረጃ እንደተለቀቀ ባልዲ የሚንኳኳብኝ።
በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለኅትመት ትምህርት መጥቼ፣
አርባ ዓመት በጀርመንኛ ተሟግቼ፣ ግብር ከፍዬ፣ ሚስት ፈትቼ፣
ለ«ይጠዘጥዘኛል» የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ ተኝቼ።
ወገብ የሚማረው በእናቱ ቋንቋ ብቻ ነው መሰለኝ።

ከጎኔ አቶ ፔትሶልድ አለ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
በዝቪካው ጉድጓድ ከሰል ሲቆፍር ያለቀ ጉልበቱ፤
ጥፍሩ ሥር ዛሬም ጥቁር መሥመር አለ።
እሱ ደግሞ «ሦስት» ይላል፣ ሁልጊዜ ሦስት፣
የሠራበትን ዘመን እንደሚናገር ሰው ኮራ እያለ።
እሷ ስትወጣ ግን የአልጋውን ብረት ይጨብጣል፣
ብረቱ ይንቀጫቀጫል፤
እኔ አንሶላዬን እነክሳለሁ።
በአንድ ክፍል ሁለት ውሸታም።

«ስምዎ ትርጉም አለው?» ብላኝ ነበር ቱየት፣ ቱቦውን እያቃናች።
«አለው። ቻለ፣ ዝም ብሎ ተሸከመ ማለት ነው።»
እናቴ ነበረች ያወጣችው፤
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ጎረቤት የመከረች፣
የጡቷን እባጭ ግን ሦስት ክረምት በነጠላዋ ሥር ይዛ የዞረች።
ይህን አልነገርኳት። እሷም ጥቂት ቆየች።
«ስምዎ ይታገሥ፤ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች።
«ህመም ገና ሲጨስ ነው የሚጠፋው፣ ከነደደ መድኃኒቱም ያንሰዋል፤
በደንብ ካልተነፈሱ፣ ነገ ከአልጋ ማን ያወርድዎታል?»
«ሁለት» አልኳት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብረቱ ተንቀጫቀጨ፤
አሁንስ አላባራም።
ፔትሶልድ ኩርት የሚባል ሰው ይጣራል፣
ከጉድጓድ አፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች እንደሚጣራ።
መጥሪያው ከእጁ ወድቋል፣ ወይም ጥሎታል።
የእኔን ተጫንኩ።

ቱየት መጣች። «ስንት?»
«አሥር።»
«የት ጋ?»
ጣቴን ወደ እሱ አልጋ ቀሰርኩ።
«እዚያ ጋ ነው የሚያመኝ።»

አልሳቀችም። ሞርፊኑን ለክታ፣ ሰዓቷን አይታ ሰጠችው፤
ጣቶቹን አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቀች።
ብረቱ ጸጥ ካለ ከቆየ በኋላ
በጨለማው ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ፣ እንደ አቧራ ደርቆ፦
«እሱም ይዋሻል። ሌሊቱን ሙሉ
በማላውቀው ቋንቋ ሲቆጥር ነው የሚያድረው።
አሥርን ካለፈ ቆይቷል።»

ዞር አለች።
«ሰባት» አልኩ።
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ፣ ሱሪዬ የወለቀ ያህል።
ከዚያ «ስምንት» አልኩ፣
አንዴ ከወለቀ ብዬ።

ሊነጋጋ ሲል የመጀመሪያው ትራም ኩርባው ላይ ሲጢጥ አለ።
ፔትሶልድ ያንኮራፋል።
ጥርሴን ጠበቅኩት፤
ዝም አለ።